ባሕር ዛፍን መስደብ ግጥም አይሆንም

እንጦጦና ሱሉልታ አካባቢ «ሳይንስን፣ ተፈጥሮንና ሰውን አገናኝቼ ግጥምም ሥዕልም እሠራለሁ» የሚል ወጣት አይጠፋም። ደስ ይለኛል። ስህተቶቻቸው ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

ሳያዩ መጻፍ። አደይ አበባን የማያወድስ ገጣሚ የለም፤ ቀርቦ ያያት ግን ጥቂት ነው። አንዷን ቀጥፋችሁ መሃሏን በጥፍራችሁ ፈልቅቁት። አንድ አበባ ያላችኋት የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ናት፤ ዳር ዳሩን ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ምላስም ራሱን የቻለ አበባ ነው። ስለ አብሮ መኖር ዘይቤ አጣን ስትሉ መስከረምን ሙሉ ደጃችሁ ቆማ ነበር።

ባሕር ዛፍን መርገም። ይሄ እንኳ አንገሽግሾኛል! «መጤ»፣ «ውሃ ጠጪ»፣ «አገር አድራቂ»… አዎ፣ ውሃ ይስባል፤ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም። ግን ከአውስትራሊያ የመጣው በምኒልክ ዘመን፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ ጽድና ወይራ ለማገዶ ተመንጥሮ ሲያልቅ ነው። ዋና ከተማው አዲስ ዓለም ወደምትባለው ከተማ ሊዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። አዲስ አበባን እዚህ ያቆያት ይሄው የምትረግሙት ዛፍ ነው። ገጣሚው ራሱ በቅጠሉ ተጋግሮ የወጣ እንጀራ በልቶ መድረክ ላይ ይወጣል።

የባሰው ደግሞ ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች ሳያስፈቅዱ ፎቶ አንስቶ «የአገሬ ሸክም» ብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። አንድ ልጅ ግን «ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዳሉ እናቴ?» ብሎ ጠየቀ። «መጀመሪያ ይቺን አውርድልኝ፣ ልጄ» አሉት። ሲያወርድላቸው ገመዱ ደረታቸውን እንዳይቆርጠው ከሥሩ አጥፈው ያደረጉትን አሮጌ ነጠላ አየ። ከመንገድ ማዶ በተነሳ ፎቶ ይሄ አይታይም።

ኳንተምን፣ ማለትም የጥቃቅን ቅንጣቶችን ፊዚክስ፣ ፍቅር ግጥም ላይ እንደ ሚጥሚጣ መነስነስ። ለእናታችሁ በአማርኛ ማስረዳት ካልቻላችሁ አውጡት።

ድንቅነሽን «የሁላችን እናት» ማለት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፤ የቀጥታ ቅድመ አያታችን መሆኗ ግን ገና ያከራክራል።

በመጨረሻ፣ ሳይኖታይፕ፣ ማለትም የቅጠልን ቅርጽ በፀሐይ ብርሃን ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ አድርጎ ማተም፣ ለምትሞክሩ፦ ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን፣ ፀሐይ ላይ የማቆያውን ደቂቃ እንዳለ አትቅዱ። ከፍታችን ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ምስሉን የሚያትመው የማይታይ የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌቱ፣ ይበረታል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ያዘገየዋል። በቁራጭ ወረቀት እየለካችሁ ሞክሩ። እጥበቱም በንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን፤ ሰማያዊው የብረት ውህድ ስለሆነ ኦሞ ከነካው ይደበዝዛል።