«ያዞረኛል» ስል ያባከንኳቸው ዓመታት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ የመጣብኝ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው። ከሰሌዳው አናት ላይ ርዕስ ልጽፍ ቀና ስል ግድግዳው ከእነተማሪዎቹ ዞረ። የጠመኔ ማስቀመጫውን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቆመ። ተማሪዎቹ የተቆጣሁ መስሏቸው ጸጥ አሉ፤ እኔም ያልሆነውን ሆኜ ርዕሱን ጨረስኩ። ከዚያች ቀን አንሥቶ የሕመሜ ስም እስኪታወቅ አራት ዓመት ከምናምን አለፈ። የዘገየሁት በሐኪሞች ጥፋት ብቻ ነው ብል ደስ ባለኝ። ቆጥሬ ስመለከተው ግን ትልቁ ድርሻ የራሴ ነው።

በአንድ ቃል መጨረስ

«ምን ሆነሽ ነው?» ስባል መልሴ ሁልጊዜ «ያዞረኛል» ነበር። አማርኛችን ለዚህ ነገር ድሃ ሆኖ አይደለም። ቤቱ ይሽከረከርብናል፣ ብድግ ስንል ዓይናችን ይጨልማል፣ ስንራመድ ያንገዳግደናል፣ ጆሯችን ጭው ይላል፣ ያጥወለውለናል፣ መሬቱ እንደ ፍራሽ ይረግብብናል። ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ግን ይህን ሁሉ «ማዞር» በሚባል አንድ ከረጢት ከትተን እናቀብላለን። በዚያ ከረጢት ውስጥ የጆሮ፣ የልብ፣ የአንጎል፣ የደም ግፊትና የመድኃኒት ጣጣ ተደባልቆ ተቀምጧል።

በመጨረሻ የደረስኩባቸው ከአንገት በላይ ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ወፍራሙን ፋይሌን አንድ በአንድ ገለጡ፣ ዘጉት፣ ከዚያ ብዕራቸውን አስቀምጠው «እስቲ ማዞር የሚለውን ቃል ሳታነሺ ንገሪኝ» አሉኝ። ተንተባተብኩ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ነገር ሳወራ ኖሬ፣ ያ ቃል ሲወሰድብኝ የምለው ጠፋኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «ሲመጣ ምን ያህል ይቆያል? ምን ስታደርጊ ይመጣል? በመሀሉስ ደህና ነሽ?»

ቁልፉ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ሰው የስሜቱን ስም ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ ሊለው ይችላል፤ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ለሃያ ሴኮንድ እንደሚመጣበት ግን አይስትም። የቆይታው ርዝመት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ መጥቶ ከደቂቃ በታች የሚያቆም ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከውስጠኛው ጆሮ ቅንጣቶች መፈናቀል ጋር ይያያዛል፤ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቢፒፒቪ ይሉታል። ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ጆሮን የሚያደነቁር፣ የሚያፏጭ፣ የሚደፍን ከሆነ ፕሮስፔር ሜኒየር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1861 የገለጸው በሽታ ይታሰባል። ከአምስት ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት እየቆየ የሚመላለስ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ፣ የማይግሬን ታሪክ ባለው ሰው ላይ የሚታይ ከሆነ ማይግሬኑ ራሱ በማዞር መልክ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ራስ ምታት ላይኖርም ይችላል። ለቀናት ሳያቋርጥ የሚያሽከረክር ከሆነ ደግሞ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ወይም የአንጎል ደም ዝውውር መታወክ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅበትም።

ሳይመረመሩ ስም ማውጣት

እናቴ «ምች ነው ልጄ» ብላ ዳማከሴ አሸታ ቀባችኝ። ጎረቤታችን ደም ማነስ ነው ብለው ቀይ ሥር አስጨመቁኝ። አንዱ ባልደረባዬ ጨጓራ ነው አለ። ሁሉም ያለው ከልቡ አዝኖ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እነዚህን ስሞች ይዤ ሐኪም ቤት ሄጄ «ደም ማነስ አለብኝ መሰለኝ» እያልኩ ጀመርኩ። ሐኪሙም የነገርኩትን ሲፈልግ ዋለ። ደም ማነስ በአንድ ቀላል የደም ምርመራ የሚለይ ነገር ነው፤ በግምት ዓመት የሚፈጅበት ምክንያት የለም።

የታይፎይዱ ታሪክ ግን አሁንም ያናድደኛል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብዬ የክኒን ከረጢት ይዤ ተመልሻለሁ። በየክሊኒኩ የሚሠራው የቪዳል ምርመራ የሚያየው ሰውነት ያመረተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ከቀድሞ ሕመም ወይም ከክትባት ሊቀር ይችላል። በሽታው በሚዘወተርበት አገር አንድ ጊዜ ተሠርቶ «ፖዘቲቭ» ማለቱ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ትኩሳት ሳይኖር በአልጋ ላይ መገላበጥ የሚቀሰቅሰው ታይፎይድ ደግሞ አልሰማሁም።

ግፊትም እንዲሁ ነው። «ግፊቴ ከፍ ብሎ ይሆናል» እንላለን፤ በርካታ ሰው የሚንገዳገደው ግን ሲቆም ግፊቱ ወርዶበት ነው። ተቀምጠን ብቻ ከተለካን ይህ አይታይም። አምስት ደቂቃ ያህል ተኝቶ መለካት፣ ከዚያ ቆሞ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ መድገም ያስፈልጋል። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ በከፊል ተገኘ ማለት ነው። እንዲለኩልዎ ይጠይቁ፣ አያፍሩ። ይህን ሲያደርጉ የሚወስዱትን የግፊት ክኒን፣ የሚያሸና መድኃኒት፣ የእንቅልፍ ኪኒን ሁሉ ይዘው ይሂዱ። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ከሆነም ይናገሩ፤ ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቀውም።

ማስታወሻ አለመያዝ

በሦስተኛው ዓመት፣ ስቅለት ዕለት ስሰግድ ወደቅኩ። ግንባሬን ወደ መሬት አድርጌ ቀና ባልኩ ቁጥር ቤተ ክርስቲያኑ ይዞር ነበር፤ በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ አጠገቤ የነበሩት እናት ነጠላቸውን ይዘው ደገፉኝ። «ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ ጸልዪ፤ እሱ ያያል» አሉኝ። ጾሙ አድክሞኝ ነው አልኩና ረሳሁት። ለሐኪም አልተናገርኩም። ጸጉሬን ለመታጠብ ባጎነበስኩ ጊዜ፣ ከምጣዱ ላይ እንጀራ ላወጣ ዝቅ ስል፣ ሌሊት ወደ ቀኝ ስዞር የሚመጣውም ያው እንደሆነ ማስተዋል የጀመርኩት ደብተር ከያዝኩ በኋላ ነው።

ደብተሩ የተማሪ ደብተር ነበር። የማይረሳኝ አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ወደ ቀኝ ዞርኩ። ጣሪያው ሄደ። 18 ስቆጥር ቆመ። ጆሮ ደህና። ራስ ምታት የለም።» ረጅም ነገር አያስፈልግም። ሰዓቱ፣ ምን እያደረጉ እንደነበር፣ ስንት እንደቆየ፣ ጆሮና ራስ ምታት፣ የበሉትና የጠጡት፣ የእንቅልፍ ሁኔታ። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሄደ፣ ሰው ማዞሩን መጠበቅ ይጀምራል፤ የሚጠበቅ ማዞር ደግሞ አይቀርም።

ሐኪሙ የስግደቱን ታሪክ ሲሰሙ ሳቁ። «ምርመራውንማ ራስሽ ሠርተሽዋል» አሉኝ። አልጋው ላይ አስቀምጠው ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ አዙረው በፍጥነት ወደ ኋላ አስተኙኝ፤ አንገቴ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ አለፈ። ክፍሉ ዞረ። እሳቸው የሚያዩት ግን ዓይኔን ነበር፤ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይዘል ነበር። የእኔ ሕመም የጆሮ ቅንጣቶች መፈናቀል እንደሆነ የለዩት በዚህ ነው። ይህ እንግሊዝ አገር ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ እ.ኤ.አ. በ1952 የገለጹት ምርመራ ነው፤ የሚፈልገው አልጋ፣ ሁለት እጅና የሚያይ ዓይን ብቻ ነው።

ሁሉን ከማሽን መጠበቅ

ከዚያ በፊት ኤምአርአይ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ሁለተኛው በዕቁቤ ገንዘብ ነበር። ውጤቱ «ጤናማ» ሲል ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ፤ «ምንም የለብሽም» የሚለው «ትዋሻለሽ» ሆኖ ተሰማኝ። ያኔ ያልገባኝ ነገር ነበር። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ። ከቦታቸው ተፈናቅለው ወደ ግማሽ ክብ ቱቦዎቹ ሲገቡ፣ ጭንቅላት ባዞርን ቁጥር ፈሳሹን እያማሰሉ ሰውነት የሚዞር ያስመስላሉ። ከዓይን የሚሰወሩ በመሆናቸው ኤምአርአይ አያሳያቸውም። ማሽኑ የሚፈለገው ሌላ የሚያሰጋ ምልክት ሲኖር ነው። ደግሞም በድንገት ለጀመረና ለማያቋርጥ ማዞር፣ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን የተነሣ ኤምአርአይ በኋለኛው የአንጎል ክፍል ያለውን ስትሮክ ሊስት ይችላል፤ የሠለጠነ ሐኪም የዓይን ምርመራ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የአንገት ራጅም እንዲሁ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ አንገቱ ራጅ ላይ ንጹሕ የሚሆንለት ሰው ጥቂት ነው፤ እዚያ የታየው መበላት የማዞሩ ምክንያት ነው ማለት አይደለም።

ክኒኑን ዕድሜ ልክ መዋጥ

ሲናሪዚን የተባለውን የማዞር ማስታገሻ ዓመት ያህል ውጫለሁ፤ ፋርማሲው ያውቀኝ ስለነበር ወረቀት አይጠይቀኝም። ማዞርን የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች በከባዱ ቀን ለጥቂት ቀናት ይጠቅማሉ። ከዚያ ካለፉ አንጎል የተጎዳውን ሚዛን ለማካካስ የሚያደርገውን ልምምድ ያዘገያሉ፤ ያንቀላፋሉ፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ሲናሪዚን ሲቆይ እንደ ፓርኪንሰን ያለ መንቀጥቀጥና መገታተር ሊያመጣ ይችላል። ቅንጣቶቹን ደግሞ የትኛውም ክኒን ወደ ቦታቸው አይመልሳቸውም። በሐኪም የታዘዘ የቆየ መድኃኒት ካለ ግን በራስ ሥልጣን አያቁሙ፤ ጠይቀው ይቀንሱ።

የሚመልሳቸው ጭንቅላትን በቅደም ተከተል ማዞር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኢፕሊ ይህን ዘዴ ሲያቀርብ ብዙ ዓመት የሚሰማው አጥቶ ነበር፤ በስሙ የሚጠራውን ዘዴ በሕክምና መጽሔት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በእኔ ላይ ሲሠራ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አራት ዓመት፣ አሥር ደቂቃ። ይህን ሳስበው አሁንም ጥርሴን አፋጫለሁ። ይሁንና ከስልክ ቪዲዮ እያዩ በራስ መጀመር ሌላ ስህተት ነው። የታመመው ጆሮ የቀኙ ይሁን የግራው፣ የትኛው ቱቦ እንደሆነ ሳይለይ ቢሠራ አይረዳም፤ የአንገት ወይም የደም ሥር ችግር ላለበትም ያሰጋል። መጀመሪያ ይታዩ፣ ከዚያ ያስተምሩዎት፤ ተመልሶ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ ያኔ ይጠቅምዎታል።

«ጭንቀት ነው» ሲባል መቆጣት፣ ወይም አምኖ መቀመጥ

ሁለቱንም አድርጌአለሁ። መጀመሪያ የነገረኝን ወጣት ሐኪም ተቆጥቼ ወጣሁ። ኋላ ደግሞ አመንኩና ሌላ ምርመራ ተውኩ። እውነቱ ከመሀል ነው የተገኘው። ቅንጣቶቹ ከተመለሱ በኋላ መሽከርከሩ ጠፋ፤ ነገር ግን መርካቶ ስገባ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ በተደረደረው ዕቃ መሀል ሳልፍ፣ መሬቱ እንደ ጀልባ ይወዛወዝብኝ ነበር። ሐኪሞች ይህን የማይለቅ የማዞር ስሜት በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፒፒፒዲ ይሉታል፤ መመዘኛውን የሚዛን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 አውጥቷል። ከሦስት ወር በላይ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ፣ ሲቆሙ፣ ሲንቀሳቀሱና ዓይን የሚያደክም ነገር ሲያዩ የሚብስ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ እውነተኛ የጆሮ ሕመም ወይም ከድንጋጤ በኋላ ይጀምራል፤ አንጎል በሽታው ካለፈ በኋላም ከዘብ ጥበቃው አልወርድ ይላል። ፈጠራ አይደለም፣ ዕብደትም አይደለም። በሚዛን ልምምድ፣ በሥነ ልቡና ሕክምና፣ አንዳንዴም ለድባቴ በሚሰጥ መድኃኒት ይታከማል። «ወይ ጆሮ ነው ወይ ጭንቀት» የሚለው ምርጫ ራሱ ስህተት ነበር፤ እኔ ጋር ሁለቱ ተከታትለው መጥተዋል።

ልምምዱ ያስጠላል። የቆመ ነገር ላይ ዓይን ተክሎ ጭንቅላትን ወደ ግራና ቀኝ ማመላለስ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ መራመድ። ማዞሩን ሆን ብሎ መቀስቀስ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንገቴን እንደ ዕንቁላል ጠብቄ፣ መጋረጃ ዘግቼ ነበር የኖርኩት፤ ያ ነው ያስረዘመብኝ።

ስለ ድሮ መርፌ አለመናገር

ይህ በእኛ አገር የሚዘነጋ ነገር ነው። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት መርፌዎች የጆሮን የሚዛን ክፍል ለዘለቄታው ሊጎዱ ይችላሉ። እንዲህ የተጎዳ ሰው ቤቱ ላይሽከረከርበት ይችላል፤ ነገር ግን ጨለማ ውስጥ መራመድ ያቅተዋል፣ ሲራመድ የማስታወቂያ ሰሌዳው ይዘልበታል። ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለሌላ ኢንፌክሽን ተከታታይ መርፌ ተወግተው ከነበረ፣ ምንም ያህል ቢቆይ፣ ያንሡት።

ጸበልና ሕክምናን ማጣላት

እኔ ጸበል ሄጃለሁ፣ እሄዳለሁም። ስህተት የነበረው መድኃኒትና ቀጠሮ ጥዬ መሄዴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፦ ቀዝቃዛ ውኃ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ጤነኛንም ያዞራል። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የበሽተኞቹን ጆሮ ሲያጥብ ይህንኑ አስተውሎ ነው ለእ.ኤ.አ. 1914 የኖቤል ሽልማት የበቃው። ስለዚህ ሲጠመቁ ቢያዞርዎ ብዙ ትርጉም አይስጡት፤ ጆሮዎን በጥጥ ይድፈኑ።

የማይጠበቅበትን መጠበቅ

ማዞሩ በድንገት መጥቶ አፍ ካጣመመ፣ ምላስ ካሰረ፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ካሳየ፣ ክንድ ወይም እግር ካዛለ፣ ጨርሶ መቆም ከከለከለ፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት ካመጣ፣ ደረት ከወጋ ወይም ራስ ካሳተ፣ ደብተሩን ይተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አንዱ ጆሮ በአንድ ቀን ድንገት ከደነቆረም ያው ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ከተጀመረ ነው።

እኔ አሁን ሰሌዳው አናት ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ተመልሶ መጣብኝ፤ በሁለተኛው ቀን ሐኪሙ ጋ ሄጄ «በቀኝ በኩል፣ ስገላበጥ፣ እስከ 15 ስቆጥር» አልኳቸው። ፋይሌን ሳይከፍቱ አልጋውን አሳዩኝ።