«ሪር ዊንዶው»ን ስታዩ እንዳትሳሳቱ

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ «ሪር ዊንዶው» ለእኔ የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ቁንጮ ነው። ብዙ ሰው ግን ግማሽ ሳይደርስ «ኧረ ምንም ነገር የለውም!» ብሎ ይዘጋዋል። ያንገበግበኛል። ችግሩ ያለው አተያያችን ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት «ገዳዩ ማነው?» እያሉ መጠበቅ ነው። እግሩ ተሰብሮ ቤት የዋለው ፎቶ አንሺ ጄፍ የሚጠረጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማዶ የሚኖረው ቶርዋልድ ሚስቱን ገድሏል ይላል። ሂችኮክ የሚያስጨንቀን አንዳንዴ እኛ የምናየውን ባለታሪኩ እንዳያይ፣ አንዳንዴም እያየ ምንም እንዳያደርግ በማድረግ ነው። አንድ ሌሊት ጄፍን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ካሜራው ግን ቶርዋልድ ጥቁር ከለበሰች ሴት ጋር ከቤት ሲወጣ ያሳየናል። ሚስቱ ትሆን እንዴ? ጄፍ አላየም፣ እኛ አየን፤ ስለዚህ በኋላ «ገድሏታል» እያለ ሲከራከር ልባችን ለሁለት ተከፍሎ ነው የምንሰማው። ፍቅረኛው ሊሳ ቶርዋልድ ቤት ሾልካ ገብታ ስትበረብር ደግሞ ሰውየው ሲመለስ ጄፍም እኛም እናያለን። ግን እግሩ ጀሶ ውስጥ ነው፣ ምን ያድርግ?

መግቢያውን አሳልፋችሁ እንዳትጀምሩ። ላብ ያጠመቀው ግንባር፣ ጀሶ፣ የተሰባበረ ካሜራ፣ ግድግዳው ላይ የመኪና ውድድር አደጋ ፎቶ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ እግሩ እንዴት እንደተሰበረ አንድ ቃል ሳይነገር ገባን።

በስልክ ማየትም ይቅርባችሁ። ካሜራው ከጄፍ ክፍል የሚወጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ ጎረቤቶቹ ከሩቅ፣ ትንንሽ ሆነው ነው የሚታዩት። ቶርዋልድ መብራት አጥፍቶ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ የሚታየው የሲጋራው ፍም ብቻ ነው። ያ ካመለጣችሁ ብዙ አመለጣችሁ።

ጎረቤቶቹን እንደ ማስጌጫ የሚያይም አለ። ብቸኛዋ ሴት ለሁለት ሰው ገበታ ዘርግታ ለሌለ እንግዳ ብርጭቆ ስታነሣ፣ ጄፍ ከማዶ የራሱን ብርጭቆ ያነሣል። አዲስ ተጋቢዎች መጋረጃቸውን ዘግተዋል። ቶርዋልድ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል። ጄፍ ደግሞ ሊሳን ለማግባት የሚፈራ ሰው ነው፤ በየመስኮቱ የሚያየው ይህንኑ የራሱን ጉዳይ ነው።

ድምፁንም አትቀንሱ፤ ሙዚቃው በአብዛኛው የሚመጣው ከጎረቤት ፒያኖና ሬዲዮ ነው። ሂችኮክ በፊልሞቹ ውስጥ ራሱ ለአፍታ ብቅ ማለት ይወዳል፤ እዚህ የት ጋ ይሆን ብላችሁም አትድከሙ፤ ፒያኒስቱ ቤት ቆሞ ሰዓት እየሞላ ታገኙታላችሁ።

በሽልማት ደግሞ አትለኩት። ሂችኮክ በምርጥ ዳይሬክተርነት 5 ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አንዴም አላሸነፈም፤ አንዱ እጩነት ለዚሁ ፊልም ነበር።