ሰፈር ስንሸነሽን እግረኛን የምንረሳባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ መሀል ያደገ ሰው በእግር መሄድ ሥራ አይመስለውም። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ጎዳናው ቀጥ ያለና ዛፍ ያለው ነው፤ ከፒያሳ ተነስቶ ሐይቁ ዳር መድረስ እንደ ሽርሽር ነው። ወደ አላሙራና ወደ ቱላ አቅጣጫ በተዘረጉት አዳዲስ ሰፈሮች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤቱ አምሮ ይሠራል፣ ሱቁም ተማሪ ቤቱም ጤና ጣቢያውም በባጃጅ ይኬዳል። እኔም በማኅበር ቤት ሠርቼ ከገባሁ በኋላ ነው ይህ ሁሉ ገና ሽንሻኖው ላይ፣ መሬቱ ለቤትና ለመንገድ ሲከፋፈል፣ እንደሚወሰን የገባኝ። ቦታ ልትረከቡ ያላችሁ ማኅበርተኞችና ፕላን የምትሠሩ ባለሙያዎች እነዚህን ስህተቶች አትድገሙብን።

ርቀትን በአየር መለካት

ይሄ የሁሉም ራስ ነው። ካርታው ላይ ተማሪ ቤቱ መሀል ኮምፓስ ይተከልና 400 ሜትር ክብ ይዞራል፤ ክቡ ውስጥ የወደቀ ቤት ሁሉ «ቅርብ ነው» ይባላል። 400 ሜትር አዋቂ ሰው በ5 ደቂቃ ግድም የሚሄደው መንገድ ነው። ልኩ ያረጀ ቢሆንም ጥሩ ልክ ነው። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ባቀረበው የሰፈር ንድፍ ተማሪ ቤቱን ሰፈሩ መሀል፣ ትልልቁን መንገድ ደግሞ ዳር ያደረገው ልጅ መኪና የሚበዛበትን ጎዳና ሳያቋርጥ እንዲደርስ ብሎ ነው። ግን እግር በአየር አይሄድም። ከእኛ ግቢ የተማሪ ቤቱ ጣሪያ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በመሀል ግን አጥር ለአጥር የተያያዙ ግቢዎች አንድም መተላለፊያ ሳይኖራቸው ተደርድረዋል። ልጄ ጣሪያውን እያየች ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች፤ ዳር ድረስ ዞራ ስትመለስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሆናለች።

መፍትሔው ውድ አልነበረም። ብሎኩ፣ ማለት በሁለት መንገዶች መሀል ያለው የግቢዎች ድርድር፣ ከ100 እስከ 150 ሜትር ባይበልጥ፣ የግድ ከበለጠም መሀሉ ላይ 3 ሜትር የእግር መተላለፊያ ቢተውለት ይበቃ ነበር፤ ከግራና ከቀኝ ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው የሚነሳው። በስብሰባችን ይህ ሲነሳ «ሌባ ይመላለስበታል፣ ቆሻሻ ይጣልበታል» ተባለና ቀረ። ስጋቱ እውነት ነው። መተላለፊያው ጠማማ፣ ረጅምና ጨለማ ከሆነ ይደርሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታይ፣ መብራት ያለው፣ የግቢ በር የሚከፈትበት ከሆነ ግን ሰው አይጠፋበትም፤ ሰው ያለበት ደግሞ ይጠበቃል።

«ኋላ ይሠራል» ብሎ ባዶ መተው

በሀገራችን የከተማ ፕላን 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ የሚል ደንብ አለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ለመዋእለ ሕፃናት የተባለው ቦታ ግን ድንበሩ ካልተተከለ መጀመሪያ የአሸዋ መድፊያ ይሆናል፣ ከዚያ ከብት ይግጥበታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ቆርቆሮ ታጥሮ ታገኙታላችሁ። የመኖሪያው ቦታ በሚረከብበት በዚያው ቀን የጋራውም ይለካ፣ ችካል ይመታበት፣ ዛፍ ይተከልበት።

ሱቅና ጉልትን እንደ ጉድፍ ማየት

«ንጹሕ መኖሪያ ሰፈር» እንዲሆን ተብሎ ሱቅ የሚከለከልበት ሽንሻኖ አይቻለሁ። ጎረቤታችን እማማ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። አንድ ጠዋት ዘንቢል ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና «እማማ፣ ባጃጅ ልጥራልዎት?» አልኳቸው። «ለግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ባጃጅ? ከሽንኩርቱ ባጃጁ ይበልጣል እኮ ልጄ» አሉኝ። በድሮ ሰፈራቸው ጉልቱ በራቸው ላይ ነበር። የማዕዘን ቦታዎችን ከመጀመሪያው ለቅይጥ አገልግሎት መመደብ ነው፤ ፊቱ ሱቅ፣ ኋላው መኖሪያ። ወፍጮ ቤት ድምፅና አቧራ ስላለው ትንሽ ራቅ ይበል እንጂ ከሰፈሩ አይውጣ። ለጉልትም ጥላ ያለው ጥግ ቢሰጠው መንገዱ ላይ አይፈስም።

የእግረኛውን መንገድ በየበሩ መቆራረጥ

ከቤታችን እስከ ባጃጅ ተራው ስሄድ እግረኛ መንገዱ በየግቢው በር ላይ ይሰበራል። ባለቤቱ መኪናው ሽቅብ እንዲገባለት ሲሚንቶ አቁልሎ ያፈሳል፤ ቀጣዩ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሦስተኛው የቦዩ ክዳን ተሰብሮበት በእንጨት ደፍኖታል። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ወደ ኮብልስቶኑ ትወርዳለች፣ ዊልቸር ያለው ከቤቱ አይወጣም። ለዊልቸር የሚመከረው ዳገት ከ12 አንድ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ይፈልጋል ማለት ነው። ያ ርዝመት ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ግቢው ውስጥ ይሁን። እግረኛው መንገድ አንድ ደረጃ ይዞ ይለፍ፤ ስፋቱም ሁለት ዊልቸር እንዲተላለፍ ከ1 ሜትር ከ80 አይነስ።

ጥላና ብስክሌት መርሳት

ለውበት ተብሎ ዘንባባ ይደረደራል። ዘንባባ ለእግረኛ ጥላ አይሰጥም፤ ቅርንጫፉ የሚዘረጋ እንደ ዋንዛ ያለ ዛፍ ይሻላል። ሐዋሳ ደግሞ የብስክሌት ከተማ ናት። ተማሪ ቤትና ገበያ በር ላይ ብስክሌት ማሰሪያ ብረት ማቆም ብዙ ወጪ የለውም፤ ግን ሲደረግ አላየሁም።

ቦታውን በበጋ ብቻ ማየት

እኛ ቦታችንን ያየነው በጥር ነው፤ ደረቅና ሜዳ ነበር። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ከላይ መጥቶ ተማሪ ቤት መሄጃውን ሞላው፤ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሻገሩ። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት አንድ ጊዜ ከዝናብ በኋላ በእግር ሂዱ፤ ከቻላችሁ ልጅ ይዛችሁ። ቀድመው የሰፈሩትን ገበሬዎች ጠይቁ፤ ውኃው በየት እንደሚወርድና የት እንደሚተኛ በጣታቸው ያሳዩዋችኋል። ድልድዩም የእግረኛ መሻገሪያውም እዚያው ላይ ይሁን።