በሲ ትሪ ለመዞር የትኛውን ስታክ እንምረጥ?

በሲ ቋንቋ ባይነሪ ትሪ (እያንዳንዱ ኖድ፣ ማለትም ዳታ የሚይዘው ክፍል፣ እስከ ሁለት ልጅ የሚኖረው መዋቅር) ስትዞሩ፣ ማለትም ኖዶቹን አንድ በአንድ ስትጎበኙ፣ ስታክ (በመጨረሻ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት ማከማቻ) ብዙውን ጊዜ አለ። ሪከርሽን (ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን) ከጻፋችሁ ኮምፓይለሩ የጥሪ ስታኩን ይጠቀምላችኋል፤ በሉፕ ከጻፋችሁ ደግሞ ራሳችሁ ታዘጋጃላችሁ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሚሞሪው ከየት ይመጣል፣ ሲሞላስ ፕሮግራሙ ምን ይሆናል የሚለው ነው። መልሱን የሚወስነው ደግሞ ከኖዶቹ ብዛት ይልቅ የትሪው ጥልቀት ነው።

ጥልቀቱን ሳታውቁ ኮድ አትጀምሩ። ሚዛኑን የሚጠብቅ ትሪ ከሆነ ሒሳቡ የታወቀ ነው፦ 1 ሚሊዮን ኖድ ያለው ኤቪኤል ትሪ ቁመቱ ከ29 አያልፍም፣ ሬድ-ብላክ ትሪ ደግሞ ከ40 አያልፍም። ሚዛን የማይጠብቅ የመፈለጊያ ትሪ (ትንሹ በግራ፣ ትልቁ በቀኝ የሚቀመጥበት) ግን ምንም ዋስትና የለውም። ተደርድሮ የመጣ ዳታ በቅደም ተከተል ካስገባችሁበት 1 ሚሊዮን ኖድ 1 ሚሊዮን ጥልቀት ይሆናል፤ ስሙ ትሪ ይባል እንጂ ሊንክድ ሊስት ነው። ከሁሉም የከፋው ቅርጹን የውጭ ሰው የሚወስነው ትሪ ነው። ከጄሰን ፋይል ወይም ከሒሳብ አገላለጽ የተሠራ ትሪ የላኪው ሰው ቅንፍ በደራረበ ቁጥር ይጠልቃል፣ ላኪው ደግሞ የእናንተን ፕሮግራም መጣል የሚፈልግ ሊሆን ይችላል።

ጥልቀቱ ጥቂት መቶ ላይ እንደሚቆም እርግጠኛ ከሆናችሁ ሪከርሽን ተጠቀሙ። አጭር ነው፣ ለማንበብ ይቀላል፣ ፈጣንም ነው። ገደቡን ግን እወቁት። በሊኑክስ የዋናው ትሬድ ስታክ በተለምዶ 8 ሜጋባይት ነው። በዊንዶውስ ሊንከሩ ሌላ ካልተነገረው 1 ሜጋባይት ይሰጣል። በማክ ላይ ከዋናው ውጭ ያሉ ትሬዶች 512 ኪሎባይት ብቻ ይደርሳቸዋል፤ በአልፓይን ሊኑክስ፣ ማለትም ሙስል ላይብረሪን በሚጠቀሙ ኮንቴይነሮች ውስጥ፣ አዲስ ትሬድ የሚያገኘው 128 ኪሎባይት ነው። ኡቡንቱ ላይ ሲሠራ የከረመ ኮድ ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አንድ ጥሪ 48 ባይት ቢወስድ 8 ሜጋባይት ከ174 ሺህ በላይ ጥልቀት ይችላል፣ 1 ሜጋባይት ግን 22 ሺህ እንኳ አይሞላም። ሲሞላ ደግሞ የሚመለስ የስህተት ኮድ የለም፤ ሴግፎልት ነው (ሲስተሙ ፕሮግራሙን በድንገት ይገድለዋል)፣ በቃ።

እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር በኦ2 ደረጃ ሲያመቻች የፈንክሽኑ የመጨረሻ ሥራ የሆነውን ጥሪ ወደ ሉፕ ይቀይረዋል። ኢንኦርደር (መጀመሪያ ግራ ልጁን፣ ከዚያ ኖዱን፣ ከዚያ ቀኝ ልጁን መጎብኘት) ላይ የመጨረሻው ጥሪ ወደ ቀኝ ልጅ የሚሄደው ስለሆነ፣ ወደ ቀኝ ብቻ የተዘረጋ ረጅም ትሪ በኦ2 በሰላም ይዞራል፣ ማመቻቸት በሌለበት በኦ0 ግን ይሞታል። ወደ ግራ የተዘረጋው በሁለቱም ይሞታል። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ምስክርነት ምንም አያረጋግጥም። ጂሲሲ ስታክ-ዩሴጅ የሚባል አማራጭ አለው፤ እያንዳንዱ ፈንክሽን ስንት ባይት እንደሚወስድ በፋይል ጽፎ ያወጣል። ከዚያ ሼሉ ላይ በዩሊሚት ትእዛዝ ስታኩን ወደ 256 ኪሎባይት ዝቅ አድርጋችሁ ፕሮግራሙን አስነሱት፤ የሚወድቅ ከሆነ እናንተው ፊት ይወድቃል።

ትሪው ሚዛኑን የሚጠብቅ ሆኖ ሪከርሽን የማይመች ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ኖድ እየሰጠ የሚቆምና በኋላ ካቆመበት የሚቀጥል ኢተሬተር ስትሠሩ፣ መጠኑ የማይለወጥ አሬይ በቂ ነው። ለሬድ-ብላክ ትሪ 128 ፖይንተር (የኖድ አድራሻ) ያዙ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፦ በ64 ቢት ማሽን አንድ ኖድ ቢያንስ 32 ባይት ከወሰደ ከ2 ኃይል 59 በላይ ኖድ ሊኖር አይችልም፣ ስለዚህ ቁመቱ ከ118 አያልፍም። 128 ፖይንተር 1,024 ባይት ነው፤ ኢተሬተሩ ስትራክት ውስጥ ያለ ምንም ማሎክ (ሚሞሪ የሚጠይቀው ፈንክሽን) ይቀመጣል። እንዲያም ሆኖ ከእያንዳንዱ ፑሽ (ስታኩ ላይ ማስገባት) በፊት ቦታ መኖሩን በኢፍ ፈትሹ። አሰርት የሚባለው ፍተሻ አይበቃም፣ ለደንበኛ በሚወጣው ቢልድ ላይ ይጠፋልና። ቆጣሪውን ሳይዝ-ቲ የሚባለው የቁጥር ዓይነት አድርጋችሁ ባዶነትን በኔጌቲቭ 1 ለመግለጽም አትሞክሩ፤ ያ ዓይነት ከ0 በታች ስለማይወርድ «ከ0 ያንሳል ወይ» የሚለው ፍተሻ መቼም እውነት አይሆንም። ቆጣሪው የተቀመጡትን ብዛት ይያዝ፣ ባዶ ማለት 0 ይሁን።

ጥልቀቱ ካልታወቀ መልሱ የሚያድግ አሬይ ነው፤ ለአብዛኛው ሥራ የምንመክረውም ይህንን ነው። ስትራክቱ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የዳታውን ፖይንተር፣ የተቀመጡትን ብዛት፣ የተያዘውን አቅም። በ64 ፖይንተር፣ ማለትም በ512 ባይት ጀምሩ። ፑሽ ሲመጣ ብዛቱ ከአቅሙ ጋር እኩል ከሆነ አቅሙን በ2 አባዙና ሪአሎክ (የተያዘውን ሚሞሪ መጠን የሚቀይረው ፈንክሽን) ጥሩ። በ2 ማባዛቱ ዋና ነገር ነው። በየጊዜው 64 ብቻ የምትጨምሩ ከሆነ፣ 1 ሚሊዮን ላይ ለመድረስ ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ ሪአሎክ ትጠራላችሁ፣ በየጊዜውም የነበረው ሁሉ ሊገለበጥ ይችላል፤ በ2 ስታባዙ ግን 14 ጊዜ ይበቃል።

ስህተት የሚበዛው ሪአሎክ መስመር ላይ ነው። ውጤቱን ቀጥታ በድሮው ፖይንተር ላይ ከጻፋችሁት፣ ሚሞሪ ጠፍቶ ናል (ባዶ ፖይንተር) ሲመለስ የድሮው አድራሻ ይጠፋል፣ ብሎኩም ሳይለቀቅ ይቀራል። ስለዚህ በጊዜያዊ ፖይንተር ተቀበሉ፣ ናል አለመሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ ተኩ። መጠኑን ስታሰሉ አቅሙን በአንድ ኤለመንት ሳይዝኦፍ (በባይት መጠኑ) አባዙ፤ የኖዱን ስትራክት ሳይዝኦፍ ከሰጣችሁ በከንቱ ትልቅ ሚሞሪ ይያዛል፣ ማባዛቱን ከረሳችሁ ደግሞ ሌላ ዳታ ላይ ትጽፋላችሁ። በስታኩ ውስጥ ወዳለ ቦታ የሚያመለክት ፖይንተር ይዛችሁ ፑሽ አታድርጉ፤ አሬዩ ቦታ ከቀየረ በኋላ ያ ፖይንተር የሞተ አድራሻ ነው። ፑሽ መሳካቱን በቡሊያን ይመልስ፣ የሚዞረው ፈንክሽንም ያንን ለጠራው ያስተላልፍ። ትሪውን ደጋግማችሁ የምትዞሩ ከሆነ ስታኩን በየዙሩ ፍሪ ማድረግ (ሚሞሪውን መልቀቅ) ትርፍ ሥራ ነው፤ ብዛቱን ወደ 0 መልሱት፣ አሬዩን አቆዩት።

ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት የሊንክድ ሊስት ስታክ ለዚህ ሥራ እምብዛም አይመረጥም። ለእያንዳንዱ ፑሽ አንድ ማሎክ፣ ለእያንዳንዱ ፖፕ (ከስታኩ ማውጣት) አንድ ፍሪ ያስከፍላል። ባለ ሁለት ፖይንተር ሴል 16 ባይት ቢሆንም በ64 ቢት ጂሊብሲ (በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ላይ የሚይዘው 32 ባይት ነው፤ አሬይ ላይ ያው መረጃ 8 ባይት ይበቃው ነበር። የአሬዩ ድንገተኛ ትልቅ ሪአሎክ ካስቸገራችሁ ሁለቱን አዋህዱ፦ እያንዳንዳቸው 4,096 ባይት የሆኑ ብሎኮች በሰንሰለት፣ በአንዱ ውስጥ 510 ፖይንተር፣ የቀረው 16 ባይት ለማያያዣውና ለቆጣሪው። አንድ ብሎክ ባዶ ሲሆን ወዲያው አትልቀቁት፤ በብሎኮቹ ድንበር ላይ ፑሽና ፖፕ ሲፈራረቁ ማሎክና ፍሪም አብረው ይፈራረቃሉ። አንድ ትርፍ ብሎክ አስቀሩ።

ቀጥሎ ስታኩ ላይ ምን እንደሚቀመጥ። ይህን የሚወስነው የአዟዟሩ ቅደም ተከተል ነው። በፕሪኦርደር (ኖዱን ከልጆቹ በፊት መጎብኘት) ሥሩን ታስገባላችሁ፤ ከዚያ ስታኩ ባዶ እስኪሆን አንዱን አውጥቶ መጎብኘት፣ ቀኙን ማስገባት፣ ግራውን ማስገባት ነው። ቀኙ ይቀድማል፣ ግራው በኋላ ገብቶ ቀድሞ እንዲወጣ። ናል የሆነ ልጅ አታስገቡ። ደስ የሚለው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተዘረጋ ትሪ ምንም ያህል ቢረዝም በዚህ አሠራር ስታኩ ከ1 አያልፍም። የሚያስቸግረው ወደ ግራ እየወረደ በየደረጃው አንድ የቀኝ ቅጠል ያለው ትሪ ነው፤ የኖዶቹ ግማሽ ያህል ስታኩ ላይ ይጠራቀማል።

ኢንኦርደር እንዲህ ይሄዳል፦

1. የአሁኑ ኖድ ናል እስኪሆን ድረስ ፑሽ አድርጉ፣ ወደ ግራ ልጁ ውረዱ።
2. ስታኩ ባዶ ከሆነ ጨርሳችኋል።
3. አንድ ኖድ ፖፕ አድርጉ፣ ጎብኙት።
4. የአሁኑን ኖድ የዚያ ኖድ ቀኝ ልጅ አድርጉና ወደ 1 ተመለሱ።

የውጭው ሉፕ መቀጠያ «የአሁኑ ናል አይደለም ወይም ስታኩ ባዶ አይደለም» መሆን አለበት። «ስታኩ ባዶ አይደለም» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁት ሉፑ ገና ሲጀምር ስታኩ ባዶ ነውና አንድም ኖድ ሳይጎበኝ ያልቃል።

ፖስትኦርደር (ኖዱን ከልጆቹ በኋላ መጎብኘት) አስቸጋሪው ነው፤ አንድ ኖድ ከስታኩ አናት ላይ ሲገኝ ከግራ ልጁ መመለሳችን ይሁን ከቀኙ አይታወቅም። ሁለት ስታክ የሚጠቀመው ታዋቂ ዘዴ ኖዶቹን በሙሉ በሁለተኛው ስታክ ላይ ስለሚያከማች ለትልቅ ትሪ አይሆንም። የተሻለው በመጨረሻ የተጎበኘውን ኖድ በአንድ ተለዋዋጭ መያዝ ነው፦ አናት ላይ ያለው ኖድ ቀኝ ልጅ ካለውና ያ ልጅ በመጨረሻ የተጎበኘው ካልሆነ ወደ ቀኝ ሂዱ፣ አለዚያ ጎብኙትና ፖፕ አድርጉ። ይህ ዘዴ መጎብኘት ማለት ፍሪ ማድረግ ከሆነ አይመችም፤ በሲ ስታንዳርድ መሠረት የተለቀቀ ፖይንተርን ማወዳደር እንኳ አይፈቀድም።

ትሪ ለማፍረስ ከሆነ ግን ስታክ ጭራሽ አያስፈልግም። ኖዱ ግራ ልጅ ካለው የግራ ልጁን ቀኝ የኖዱ ግራ አድርጉ፣ ኖዱን የዚያ ልጅ ቀኝ አድርጉ፣ ልጁን አዲሱ ሥር አድርጉ፤ ይህ ማሽከርከር ይባላል። ግራ ልጅ ከሌለው ቀኙን በጎን ያዙ፣ ኖዱን ፍሪ አድርጉ፣ ወደያዛችሁት እለፉ። የማሽከርከሩ ብዛት ከኖዶቹ ብዛት ያነሰ ነው፣ ማሎክም ስለሌለው ሚሞሪ ባለቀበት ሰዓትም ይሠራል።

ያለ ስታክ ለመዞር ሌላው መንገድ በየኖዱ የወላጅ ፖይንተር መያዝ ነው። የሊኑክስ ከርነል ሬድ-ብላክ ትሪ ይህን ያደርጋል፤ የወላጁን አድራሻና ቀለሙን በአንድ ቃል ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ቀለሙ ተጨማሪ ቦታ አይወስድም። ከርነል ውስጥ ስታኩ በኤክስ86-64 ላይ 16 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ጥልቅ ሪከርሽን የማይታሰብ ነው። ሞሪስ በ1979 ያወጣው ዘዴም አለ፤ ባዶ የቀኝ ፖይንተሮችን ለጊዜው እያሰረ ይዞርና መልሶ ይፈታል። ሌላ ትሬድ ትሪውን በሚያነብበት ጊዜ ወይም ዙሩን መሃል ላይ ማቋረጥ ካለባችሁ አትንኩት፣ ትሪው ተበላሽቶ ይቀራል።

ስትፈትኑ ናል የሆነ ሥር፣ አንድ ኖድ ብቻ ያለው ትሪ፣ 1 ሚሊዮን ኖድ ወደ ግራ የተዘረጋ፣ ያንኑ ወደ ቀኝ፣ እና ከላይ ያልነውን በየደረጃው የቀኝ ቅጠል ያለውን ሞክሩ፤ ሁሉንም በአድሬስ ሳኒታይዘር (የሚሞሪ ስህተትን በሚይዘው የኮምፓይለር አማራጭ)። ረጃጅሞቹን ትሪዎች በኢንሰርት ፈንክሽናችሁ አትገንቡ፦ 1 ሚሊዮን የተደረደረ ቁጥር በተራ የመፈለጊያ ትሪ ውስጥ ማስገባት ወደ 500 ቢሊዮን እርምጃ ይጠይቃል። ኖዶቹን በሉፕ በቀጥታ አያይዟቸው። ፈተናው ሲያልቅ ትሪውን የሚያፈርሰው ፈንክሽንም ሪከርሲቭ ከሆነ መውደቁ አይቀርም፣ ጥፋቱም በስታካችሁ ይላከካል፤ ከመነሻው በማሽከርከር የሚያፈርሰውን ተጠቀሙ።