የሴል ክፍፍልን በሽንኩርት ሥር ላይ እንዴት ማየት ይቻላል?

የሴል ዑደት ደረጃዎችን ከሥዕል ብቻ የሸመደደ ሰው ከፈተና በኋላ አያስታውሳቸውም። ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ቀሪው ነገር ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አለ፤ ጠንከር ያለ ቀይ ሽንኩርት ግዙ።

የደረቀውን አሮጌ ሥር በምላጭ ፋቁ። ሽንኩርቱን በስቴኪኒ ወግታችሁ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ቂጡ ብቻ ውኃ ይንካ። ከተዘፈቀ ይበሰብሳል። ባሕር ዳር ላይ ቶሎ ሥር ያወጣል፣ በማርቆስ ብርድ ግን ትንሽ ታገሡት።

የሥሩን ጫፍ ቁረጡና 3 እጅ ንጹሕ አልኮልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ አሳድሩት። ሴሎቹ ባሉበት ደረጃ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። በአረቄ ልተካው የሚል ጎጃሜ መቼም አይጠፋም፤ ዳግም አረቄም ቢሆን ውኃ ስላለበት አይሆንም። ከዚያ በ60 ዲግሪ በሞቀ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 5 ደቂቃ ያህል አቆዩትና በውኃ እጠቡት። ጓንትና መነጽር አድርጉ።

ዋናው ሥራ አሁን ነው። የሚፈለገው የሥሩ የመጨረሻ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ሴሎች መከፋፈል ትተው ወደ መርዘም ገብተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ብታፈጡባቸው ክሮሞዞም አታዩም። ሌላውን ጣሉት። ጫፉን ስላይድ ላይ አድርጉና አንድ ጠብታ አሴቶካርሚን (ክሮሞዞምን የሚያቀልም ቀለም) ጨምሩበት፣ በመርፌ ፍርክስ አድርጉት፣ ቀለሙ እስኪገባ ቆዩና ከቨር ስሊፕ (ስስ የመስታወት ክዳን) ክደኑበት። ላዩ ላይ የታጠፈ ሶፍት አድርጉና በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሴሎቹ ይጠቀለላሉ። ፈርታችሁ ለስለስ ካላችሁ ደግሞ ሴል በሴል ላይ ተደርቦ ጥቁር ጉብታ ብቻ ነው የሚታየው።

በ400 እጥፍ ስታዩ አብዛኛው ሴል ኢንተርፌዝ (ከክፍፍል በፊት ያለው የዝግጅት ጊዜ) ላይ ነው፤ አልሠራም ብላችሁ እንዳትጥሉት። ኢንተርፌዝ ሦስት ክፍል አለው፤ ሴሉ ጂ1 ላይ ያድጋል፣ ኤስ ላይ ዲኤንኤውን ይቀዳል፣ ጂ2 ላይ ለመከፈል ይዘጋጃል። መሐል መሐሉ ላይ ኬላ አለ። ዲኤንኤው ከተጎዳ እስኪጠገን ይቆማል። ማለፊያውን የሚሰጡት ሳይክሊንና ሲዲኬ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተጣምረው ነው። በዚህ ግኝት ሃርትዌል፣ ሃንትና ነርስ እ.ኤ.አ. በ2001 ኖቤል ተሸልመዋል።

ክሮሞዞሞቹ መሐል ላይ ተሰልፈው ካያችሁ ሜታፌዝ ነው። 16 ናቸው፤ ተደራርበው ለመቁጠር ግን ያስቸግራሉ። አንዷ እንኳ ክሮሞዞሞቹን በሚጎትቱት የሴሉ ክሮች በትክክል ካልተያዘች አናፌዝ አይጀመርም። ለሁለት ሲጎተቱ የሚታይበት አናፌዝ ከተገኘ ወዲያው በስልክ አንሱት፤ ስላይዱ ሲደርቅ ይበላሻል።