ስለ ኦርካ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ኦርካ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።" ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው። ኦርካ፣ ያ ጥቁርና ነጭ ትልቅ የባሕር እንስሳ፣ የዶልፊን ዘመዱ፣ የሚበላው እናቱ ያስለመደችውን ነው። በካናዳና በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሁለት ዓይነት ኦርካዎች አንድ ውሃ ይጋራሉ። አንደኞቹ ዓሣ ነው የሚበሉት፣ በተለይ ቺኑክ የሚባለውን ትልቁን ሳልመን። ሌሎቹ ዓሣ ዞር ብለው አያዩም፤ የሚያድኑት አቆስጣ (ሲል) የሚባለውን የባሕር አጥቢ እንስሳና የባሕር አንበሳን ነው። አይዋለዱም፣ አብረው አይውሉም፣ ድምፃቸው እንኳ የተለያየ ነው። ዓሣ በሎቹ እያደኑ ያወራሉ፤ አቆስጣ አዳኞቹ ግን ጭጭ ይላሉ፣ ምክንያቱም አቆስጣው ከሰማቸው ያመልጣል። አንታርክቲካ ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። አቆስጣ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ተኝቶ ካዩት ጎን ለጎን ይሰለፉና ወደ በረዶው ይከንፋሉ፣ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ጠልቀው በሥሩ ያልፋሉ፣ ያስነሱት ማዕበልም እንስሳውን ጠርጎ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ይሄ ሁሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚተላለፍ ትምህርት ነው።

ስለዚህ "ሳልመን ካጡ ለምን አቆስጣ አይበሉም?" አትበሉ። በሲያትልና በቫንኩቨር አካባቢ የሚመላለሱት ዓሣ በሎች 75 ገደማ ብቻ ቀርተዋል። ቺኑኩ ሳስቷል፣ የመርከብ ጫጫታ አደናቸውን ያውካል፣ እነሱ ግን አቆስጣ በአጠገባቸው እያለፈ ይራባሉ። በጣም ያሳዝናል።

"ትልቅ ክንፍ ያለው ወንዱ አለቃ ነው።" አይደለም። የወንዱ የጀርባ ክንፍ 1.8 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ቤተሰቡ የሚዞረው ግን በእናትና በአያት ዙሪያ ነው። በእነዚሁ ዓሣ በሎች ዘንድ ወንድ ልጅ ዕድሜ ልኩን ከእናቱ አይለይም፤ ጎልምሶም እንኳ የያዘችውን ሳልመን ታካፍለዋለች። ሴቶቹ 40 ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው መውለድ ያቆማሉ፣ ከዚያም ብዙ ዓመት ይኖራሉ፣ ዓሣ በጠፋበት ዘመን ከፊት የሚቀድሙትም እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታሌኳ የተባለች እናት የሞተች ግልገሏን እንዳትሰጥምባት በጭንቅላቷ እየደገፈች ለ17 ቀናት ይዛት ዞራለች።

"ጭንቅላቱ ጎን ላይ ያለው ነጩ ነገር ዓይኑ ነው።" ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ከነጩ ምልክት ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ጥቁሩ ላይ ይገኛል።

"የጀርባ ክንፉ መጉበጡ ያለ ነው።" በገንዳ ለሚኖሩ ወንዶች፣ አዎ። በባሕር ግን ብርቅ ነው፤ ሲያጋጥምም ብዙ ጊዜ ጉዳት ወይም ሕመም አለበት።

"ጀልባ የሚሰብሩት ሊበቀሉን ነው።" እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በስፔንና በፖርቱጋል ጠረፍ ኦርካዎች ጀልባን አቅጣጫ የሚያስይዘውን ከኋላ ያለውን መሪ እየሰበሩ ነው፣ የሰመጡ ጀልባዎችም አሉ። ግን ሰዎቹን አልነኩም። በገንዳ ታስረው አሠልጣኝ የገደሉ ኦርካዎች አሉ፤ በዱር ግን ሰው ገደለ ተብሎ የተመዘገበ አንድም የለም። ብዙ ተመራማሪዎች ነገሩን የወጣቶቹ ጨዋታ አድርገው ነው የሚያዩት። በቀል ነው ብሎ ማውራት ደግሞ ጠመንጃ ለሚያነሳባቸው ሰው ሰበብ መስጠት ነው፣ እዚያ የቀሩት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።