ከአያት በተወረሰ የብር ቅብ ዕቃ ላይ ያለውን የሠሪ ምልክት እንዴት እናነባለን?

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ አሮጌ ቤቶች፣ በሣጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልለው የሚቀመጡ የውጭ አገር ማንኪያዎች፣ ትሪዎችና የሻይ ማንቆርቆሪያዎች አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ቤተሰቡ «የአያታችን ብር» ይላቸዋል እንጂ ንጹሕ ብር ይሁኑ የብር ቅብ፣ በየት አገርና በማን እንደተሠሩ አያውቅም። መልሱ ግን በዕቃው ጀርባ፣ ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ፍሬ በማይበልጡ ምልክቶች ተመትቶ ይገኛል።

ምልክቱን ከመፈለግዎ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ዕቃውን በአመድም ሆነ በአሸዋ አይፈትጉት። በእኛ ቤት አንድ ትሪ ፋሲካ በመጣ ቁጥር በአመድ ሲታሽ ኖሮ፣ እኔ ላነበው በተነሣሁ ጊዜ ከአራቱ ፊደላት የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቅቡ እጅግ ስስ ስለሆነ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቁታል። ከዚያ በመስኮት አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አጋድመው፣ የማንኪያውንና የሹካውን እጀታ ጀርባ፣ የትሪውን ሥር፣ የማንቆርቆሪያውን መቀመጫና የክዳኑን ውስጥ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ምልክቱ ከደበዘዘ እፍ ይበሉበት፤ ወይም ስስ ወረቀት አልብሰው በእርሳስ በቀስታ ያሻሹት።

ጠገራ ብር የሚያውቅ ሰው የዚህን ሥራ ዋና ጥንቃቄ አስቀድሞ ያውቀዋል። በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ቁጥር ቢኖርም፣ ብሩ በዚያው ቁጥር ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ለብዙ ዘመናት ሲመታ ስለኖረ፣ ቁጥሩ የተመታበትን ዓመት አያረጋግጥም። እንደዚሁ «1847 ሮጀርስ ብሮስ» የሚል ምልክት ባለበት የአሜሪካ ማንኪያ ላይ ቁጥሩ የንግድ ስሙ አካል ነው እንጂ ማንኪያው የተሠራበት ዓመት አይደለም። ዳብሊው፣ ኤም፣ ኤፍ በሚሉ ፊደላት በሚታወቀው የጀርመን ፋብሪካ ዕቃ ላይ የሚገኘው 90ም የብሩን ጥራት አይናገርም፤ 12 ማንኪያና 12 ሹካ ለመቀባት የዋለውን የብር ግራም የሚገልጽ ነው። በአንጻሩ 800 ወይም 925 ከሺህ እጅ ምን ያህሉ ብር እንደሆነ የሚናገር የንጹሕ ብር፣ ማለትም ቅብ ሳይሆን ውስጡም ውጪውም ከብር የተሠራ ዕቃ ምልክት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቱት ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉት አራት የላቲን ፊደላት ናቸው። የመጨረሻዋ ፊደል «ሲልቨር» የሚለውን ቃል ስለምታመለክት ብዙ ሰው ዕቃው ብር ነው ብሎ ይደመድማል፤ ነገር ግን «ኒኬል ሲልቨር» የሚባለው ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የተቀላቀለ፣ ብር ጭራሽ የሌለበት ማዕድን ሲሆን፣ ብሩ በላዩ በኤሌክትሪክ ኃይል የተለበጠው ብቻ ነው። በጣሊያን ዕቃ ላይ «አልፓካ» የሚለው ቃል ይህንኑ ቅይጥ ያመለክታል። አንዳንድ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች እያንዳንዷን ፊደል በየራሷ ትንሽ ጋሻ ውስጥ አድርገው በተርታ ይመቱ ስለነበር፣ ከሩቅ የንጹሕ ብር ማኅተም ይመስላል። የእንግሊዝ ንጹሕ ብር ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ የሚራመድ አንበሳ አለበት፤ ከአንበሳው ጋር መልሕቅ ካለ ዕቃው የተመረመረው በበርሚንግሃም ነው።

በኤሌክትሪክ የመለበጡን ጥበብ በሰፊው ያስጀመረው የበርሚንግሃሙ ዕቃ ሠሪ ኤልኪንግተን ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ቤቱ በብዙ ዕቃዎቹ ላይ የዓመት ፊደል ይመታ ስለነበር ዘመኑን መለየት ይቻላል። የፓሪሱ ክሪስቶፍል መብቱን በ1842 ገዝቶ በፈረንሳይ መሥራት የጀመረ ሲሆን፣ ምልክቱ ሚዛን አለበት። በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የምልክቱ ቅርጽ ራሱ ይናገራል፤ የንጹሕ ብር ሠሪ ምልክት በሰያፍ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ የቅብ ሠሪው ግን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። በእንግሊዝ ዕቃ ላይ «ኢንግላንድ» የሚለው ቃል ካለ አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1891 በኋላ የተሠራ ነው፤ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ወደ አሜሪካ በሚገባ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍ ማስገደድ ጀምሮ ነበር።

ምልክቱ ጨርሶ ከጠፋ የማንኪያውን ጀርባ ይመልከቱ፤ ገበታ የሚነካው ቦታ ቀልቶ ከታየ ሥሩ መዳብ ነው፣ ወደ ቢጫ ያደላ ግራጫ ከሆነ ደግሞ ኒኬል ያለበት ቅይጥ ነው። ማግኔት መዳብንም ሆነ ኒኬል ሲልቨርን ስለማይስብ አለመያዙ ብር መሆኑን አያረጋግጥም። ወርቅ ቤት ሲወስዱትም ምልክቱ ሳይነበብና ፎቶ ሳይነሣ በአሲድ እንዲፈተን አይፍቀዱ፤ ለፈተናው የሚፋቀው ቅቡ ነውና። ምልክት የሌለው ሁሉ ቅብ ነው ብለውም አይፍረዱ፤ የአገራችን አንጥረኞች ጠገራ ብር አቅልጠው የሠሩት መስቀልና ጌጥ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ማኅተም የለውም።

በእጀታው ላይ በግዕዝ ፊደል የተቀረጸ ስም ወይም መስቀል ካገኙ እርሱ የባለቤቱ እንጂ የሠሪው ምልክት አይደለም። ቢሆንም ከፋብሪካው ምልክት ጎን በደብተር ይገልብጡት፤ ስሙ የማን እንደነበረም የቤቱን አዛውንት ዛሬውኑ ጠይቀው ከሥሩ ይጻፉ።